ከክር እስከ ገመድ፦ ሲባጎና ቃጫ ድንበር ሲሻገሩ በምን ይመዘገባሉ?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ገመድና ስለ ሲባጎ ነው። ገመድ ድንበር ሲሻገር በጉምሩክ መዝገብ ላይ የት እንደሚቀመጥ፣ አመዳደቡን የሚወስነው ምን እንደሆነ፣ ቁጥሩ ሲሳሳት ደግሞ ከነጋዴው ኪስ ምን ያህል እንደሚወጣ እናያለን።

ርዕሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የመተማ ቆላ ሥራ ያለ ማሰሪያ አይንቀሳቀስም። ሰሊጡ ሲደርስ ሳሉግ የሚባለው ወቅታዊ ሠራተኛ ከደጋ ይወርዳል፤ ሰሊጡ ታጭዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶው ሂላ ሆኖ ቆሞ ይደርቃል። ተራግፎ ጆንያ ሲገባ የጆንያው አፍ በሲባጎ ይሰፋል፤ መኪና ላይ ሲጫን ሸራው በገመድ ይጠፈራል። አህያው የሚጫነው በገመድ ነው፤ ውሃው ከጉድጓድ የሚወጣውም በገመድ ነው። ሽንፋ ከተማ ላይ አንድ ሱቅ ብትገቡ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ የምታገኙት አንድ ዓይነት አይደለም። ነጩ የጥጥ ሲባጎ፣ ቢጫው የቃጫ ገመድ፣ ሰማያዊና አረንጓዴው ፕላስቲክ፣ ከጥግ ደግሞ የተጠቀለለ ጠፍር ይኖራል። ባለ ሱቁ ሁሉንም «ማሰሪያ» ብሎ ይሸጣል። ጉምሩክ ግን እነዚህን አራቱን በአራት የተለያዩ ቦታዎች ነው የሚያስቀምጣቸው።

ከመዝገቡ እንጀምር። ዓለም የሚነግድባቸውን ዕቃዎች በቁጥር የሚለይ የጋራ መዝገብ አለ። ያዘጋጀው መቀመጫውን ብራስልስ ያደረገው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 1988 ጀምሮ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1980 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሃርሞናይዝድ ሲስተም ይባላል፤ ነጋዴውና ትራንዚተሩ በአጭሩ ኤች ኤስ ኮድ ይሉታል። ዛሬ ከ200 የሚበልጡ ሀገሮችና የኢኮኖሚ ማኅበራት ይጠቀሙበታል። መዝገቡ በ21 ክፍሎችና በ97 ምዕራፎች የተከፈለ ነው፤ 77ኛው ምዕራፍ ለወደፊት ተብሎ ባዶ ተትቷል። ኮዱ ስድስት አሃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምዕራፉን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ አንቀጹን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ንዑስ አንቀጹን ያመለክታሉ። ስድስቱ አሃዞች በካርቱም፣ በቤጂንግም ሆነ በአዲስ አበባ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሀገር የራሱን ዝርዝር ይጨምራል፤ የእኛ የታሪፍ መጽሐፍ እስከ ስምንት አሃዝ ይሄዳል።

የእኛው መተማ የሚልከውን ብናይ፣ ሰሊጥ በ1207.40፣ ያልተባዘተ ጥጥ በ52.01፣ ሙጫ በ13.01፣ ሽመል በ1401.10 ይመዘገባሉ። ገመድና ሲባጎ ያሉት ደግሞ ምዕራፍ 56 ውስጥ፣ አንቀጽ 56.07 ላይ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። አንቀጹ ሲባጎን፣ ቀጭን ገመድን፣ ወፍራም ገመድንና የመርከብ ገመድን በአንድነት ይይዛል። የተገመደም ይሁን የተጎነጎነ፣ በጎማ ወይም በፕላስቲክ የተነከረ፣ የተቀባ ወይም የተሸፈነ ቢሆንም ከአንቀጹ አይወጣም።

ታዲያ አንድ ማሰሪያ ክር መሆኑ አብቅቶ ገመድ የሚሆነው የት ላይ ነው? ዓይንን ካመንን ሁለት ሰው ሁለት መልስ ይሰጣል። ሕጉ ለዓይን አልተወውም። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ገመድ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ጊዜ ከቅርብ እንየው።

በደጋው በየአጥሩ ዳር ጫፉ እሾህ የሆነ፣ ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ታውቃላችሁ። ቅጠሉ ይቆረጣል፤ አረንጓዴ ሥጋው እስኪለቅ በስለት ይፋቃል ወይም ይቀጠቀጣል፤ የቀረው ነጣ ያለ ጭረት ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ገማጁ ሁለት ዘለላ ይይዛል። እያንዳንዱን ዘለላ በጭኑ ላይ በመዳፉ እየገፋ ወደ አንድ አቅጣጫ ያከርራል፤ ሁለቱን አጣምሮ ደግሞ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይገምዳል። የገመድ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። አንዱ ዘለላ ልፈታ ሲል የጥምሩን ግምድ ያጠብቀዋል፤ ጥምሩ ልፈታ ሲል ዘለላዎቹን ያከርራቸዋል። ሁለቱ ተያይዘው ይቆማሉ። ያለ ሙጫና ያለ ቋጠሮ እንዲህ የሚጸና ነገር መሥራት ትልቅ እውቀት ነው፤ እኔ ይህን ሥራ ባየሁ ቁጥር አክብሮቴ ይጨምራል።

እውቀቱም ጥንታዊ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ አብሪ ዱ ማራ በተባለ የድንጋይ ጥግ የተገኘች፣ ርዝመቷ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ከዛፍ ቅርፊት የተገመደች ቁራጭ አለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ሲሆን ዕድሜዋ ከ40 ሺህ ዓመት በላይ መሆኑ ተገልጿል፤ ሦስት ዘለላ ናት፤ ዘለላዎቹ ወደ አንድ ወገን፣ ጥምሩ ወደ ሌላው ወገን ዞሯል። ሽንፋ ደግሞ የራሷ ጥንታዊ ቅርስ አላት። በሽንፋ ወንዝ ዳር ሽንፋ መተማ 1 በተባለው ቦታ የተገኙት የ74 ሺህ ዓመት ገደማ የድንጋይ ስለቶች እ.ኤ.አ. በ2024 በኔቸር መጽሔት ላይ ወጥተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ትናንሾቹ ባለ ሦስት ማዕዘን ስለቶች የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል። ገመዱ ራሱ በስብሶ አልቆ ይሆናል እንጂ፣ ቀስት ካለ ደጋንና ማሰሪያ መኖሩን ማሰብ አይከብድም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ወደ ጉምሩኩ እንመለስ።

ክርና ገመድን የሚለየው ክብደት ነው። የሚለካበት መስፈሪያ ዴሲቴክስ ይባላል፤ 10 ሺህ ሜትር የሚሆን ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ለቃጫ፣ ለጁት፣ ለጥጥና ለመሳሰሉት ዕፅዋታዊ ጭረቶች ወሰኑ 20 ሺህ ዴሲቴክስ ነው። በቀላል ቋንቋ በአንድ ሜትር 2 ግራም ማለት ነው። ከ2 ግራም በላይ ከሆነ ገመድና ሲባጎ ነው፤ 56.07 ይገባል። 2 ግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ክር ነው፤ ጥጥ ከሆነ ከጥጥ ክሮች ጋር በምዕራፍ 52፣ ጁት ከሆነ በ53.07፣ ቃጫ ከሆነ በ53.08 ይመዘገባል።

ይህን ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ከጥቅሉ ላይ 10 ሜትር በክንድ ሳይሆን በሜትር ለክታችሁ ቁረጡ። ሳትወጥሩት ጠቅልላችሁ፣ ቅመም በሚመዘንበት ትንሽ የዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ሚዛኑ ከ20 ግራም በላይ ካሳየ ገመድ ነው። መቁረጥ ካልፈለጋችሁ የጥቅሉን ወረቀት አንብቡ፤ ብዙ ፋብሪካዎች በአንድ ኪሎ ስንት ሜትር እንደሚወጣ ይጽፋሉ። ከአንድ ኪሎ የሚወጣው ርዝመት ከ500 ሜትር ካነሰ በሜትር ከ2 ግራም በላይ ነው ማለት ነው። የድርቆሽ ማሰሪያ የሚሆነው የሲሳል ሲባጎ በኪሎ ከ150 እስከ 300 ሜትር ስለሚወጣው ያለ ጥርጥር ከወሰኑ በላይ ነው።

ለሌሎቹ ጭረቶች ወሰኑ ይለያያል። ለፖሊፕሮፒሊን፣ ለናይለንና ለሌሎች ሰው ሠራሽ ጭረቶች 10 ሺህ ዴሲቴክስ፣ ማለትም በሜትር 1 ግራም ነው። ከኮኮናት ልጥ የሚሠራው ሦስትና ከዚያ በላይ ዘለላ ካለው ምንም ቢመዝን ገመድ ነው። ተልባና ሄምፕ የተባሉት ጭረቶች ተወልውለው ሲያብረቀርቁ ወሰናቸው 1,429 ዴሲቴክስ ሆኖ በጣም ዝቅ ይላል፤ ካልተወለወሉ ግን ወደ 20 ሺህ ይመለሳሉ። ከበግና ከፍየል ጸጉር የተፈተለው የምዕራፍ 51 ነው፤ የቱንም ያህል ቢወፍር ክር ተብሎ ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል፤ ሕጉ ግን በግልጽ የጻፈው ነው። ተጎንጉኖ የተሠራ የጭረት ገመድ ደግሞ ሚዛን አያስፈልገውም፤ ቀጭንም ቢሆን 56.07 ይገባል።

ገመድ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ ከምን ተሠራ? አንቀጽ 56.07 ከውስጥ የሚከፈለው በዚህ ነው። ሲሳል ከተባለው ተክልና ከዘመዶቹ፣ ከአጋቬ ወገን የተሠራ ከሆነ ሁለት መስመር አለው። ነዶና ድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ ከሆነ 5607.21፣ ሌላ ገመድ ከሆነ 5607.29። ከፖሊኢትሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን ከሆነ በተመሳሳይ መንገድ የነዶ ማሰሪያው 5607.41፣ ሌላው 5607.49 ይሆናል። ናይለንና ፖሊስተር 5607.50 ናቸው። ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ፣ ጁቱም፣ ጥጡም፣ በ5607.90 «ሌሎች» ተብሎ ይታጎራል።

የነዶ ማሰሪያ ለብቻው መስመር ያገኘበት ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በአሜሪካ ስንዴ አጭዶ ነዶውን በሲባጎ ቋጥሮ የሚጥል ማሽን ተሠራ፤ የቋጣሪውን ክፍል የሠራው ጆን አፕልቢ የተባለ ሰው ነው። ማሽኑ በተስፋፋ ቁጥር ሲባጎ የሚበላው አፍ ሰፋ። ለዚያ የሚሆነው ጭረት ከሜክሲኮ ዩካታን ይመጣ ነበር፤ ሲሳል የሚለው ስምም የዚያው የወደብ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ሪቻርድ ሂንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ የእርሻ ባለሙያ ከፍሎሪዳ 1,000 ችግኝ ወደ ዛሬዋ ታንዛኒያ አስላከ። በረጅሙ የባሕር ጉዞ አብዛኛው ደርቆ 62ቱ ብቻ ተረፉ። ታንጋን የዓለም የሲሳል ማዕከል ያደረገው ሰፊ እርሻ የተነሣው ከእነዚያ 62 ችግኞች ነው። በኋላ ፖሊፕሮፒሊን መጣና ገበያውን ቀማው። ዛሬ ብዙ ሲሳል የምታመርተው ብራዚል ናት፤ ታንዛኒያና ኬንያ ይከተሏታል።

አሁን ወደ እኛው ቃጫ እንምጣ፤ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚህ ነው። በገበያችን ቃጫ የሚባለው ከሁለት ፈጽሞ የማይዛመዱ ተክሎች ይወጣል። አንደኛው ያ የአጥር ዳሩ ሲሳል ነው። ሁለተኛው በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በከምባታና በሌሎችም የደቡብ አካባቢዎች እንሰት ተፍቆ ቆጮ ሲዘጋጅ የሚቀረው ጭረት ነው። እንሰት የሙዝ ወገን ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ፊሊፒንስ ውስጥ የመርከብ ገመድ የሚሠራበት አባካ እንጂ ሲሳል አይደለም። ጥሬ ጭረት ሆነው ሲላኩ ሁለቱም 53.05 ውስጥ ይገናኛሉ። ገመድ ሲሆኑ ግን ይለያያሉ። የሲሳሉ 5607.29፣ የእንሰቱ 5607.90። ኢንቮይሱ ላይ «የቃጫ ገመድ» ብቻ ተጽፎ የመጣ ዕቃ ፊት የቆመ የጉምሩክ ባለሙያ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከወረቀቱ ሊያውቅ አይችልም። ላኪው ከየትኛው ተክል እንደተሠራ መጻፍ አለበት።

የእንሰት ገመድ «ሌሎች» ከሚለው መስመር ውስጥ መቅረቱ ያሳስበኛል። የመዝገቡ መስመሮች የሚኖሩትና የሚሞቱት በንግድ መጠን ነው። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት መዝገቡን በየአምስት ዓመቱ ገደማ ያድሳል፤ በእድሳቱ ጊዜ ዓመታዊ የዓለም ንግዱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች የወረደ አንቀጽና ከ50 ሚሊዮን ዶላር በታች የወረደ ንዑስ አንቀጽ ለመሰረዝ ይታጫሉ። ጥሬ ሲሳል ቀድሞ 53.04 የሚባል የራሱ አንቀጽ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 እድሳት ተሰርዞ 53.05 ውስጥ ተቀላቀለ። ያን ያህል ዝነኛ የነበረው ሲሳል ይህ ከደረሰበት፣ በዓለም መዝገብ የእንሰት ተራ ሩቅ ነው። ግን ከስድስቱ አሃዝ በኋላ ያለው ቦታ የየሀገሩ ነው። ኢትዮጵያ የእንሰትን ገመድ በራሷ አሃዝ ለይታ ብትቆጥረው፣ ምን ያህል እንደሚሸጥና ወዴት እንደሚሄድ በየዓመቱ በቁጥር ይታወቃል። ያልተቆጠረ ምርት ብድርም ድጋፍም ሲታሰብ ማንም አያስታውሰውም። ይህ ለገማጆቹም ለሀገሪቱም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ዓይነት ጭረት የተቀላቀለበት ገመድስ? ደንቡ ቀላል ነው፤ በክብደት የሚበልጠው ይወስናል። ከአንድ ኪሎው 600 ግራሙ ሲሳል፣ 400 ግራሙ ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ ሲሳል ነው። እኩል ከሆኑ በመዝገቡ ቅደም ተከተል በመጨረሻ የሚገኘው ይመረጣል።

ጭረቱን ለመለየት ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት ክብሪት ይበቃል። ደጅ ወጥታችሁ፣ ሰሊጥም ጥጥም ከሌለበት ቦታ፣ የጣት ያህል ቁራጭ በጉጠት ይዛችሁ አቀጣጥሉ። ቃጫና ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳሉ፤ ሽታቸውም የወረቀት ነው፤ አመዱ ሲነኩት ይበናል። ፖሊፕሮፒሊን ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፤ ሲቀዘቅዝ በጥፍር የማይሰበር ጠንካራ ዶቃ ይሆናል። ጸጉር ከሆነ ሽታው ራሱ ይናገራል። አንዳንድ ፕላስቲክ ሲባጎ የቃጫ ቀለም ተቀብቶ ይሸጣል፤ በዓይኑ ተታሎ የገዛን ሰው ክብሪቱ ያድነው ነበር።

አሁን ደግሞ ገመድ የሚመስሉ፣ ከ56.07 ግን የሚወጡ ዕቃዎችን እንይ። ጠፍርና ምራን ቆዳ ናቸው፤ የጨርቃ ጨርቅ ክፍል ውስጥ አይገቡም፤ ምዕራፍ 42 ነው ቦታቸው። የሽቦ ገመድ 73.12 ነው። ከሰሌን የተሠራ ምንጣፍ 46.01፣ ቅርጫትና ሰፌድ 46.02። ጆንያና ማዳበሪያ 63.05 ሲሆኑ፣ የጁቱ ጆንያ 6305.10፣ ከፕላስቲክ ጥብጣብ የተሸመነው 6305.33 ይሆናል። የዓሣ መረብ፣ ከሲባጎ ተቋጥሮ የተሠራ ቢሆንም፣ 56.08 ነው። የጆንያ መስፊያ ማሽን ላይ የሚጠመደው ቀጭን ፖሊስተር ክር የልብስ ስፌት ክር ወገን ነው እንጂ ሲባጎ አይደለም።

ብዙ ክርክር የሚነሳው ግን ገመዱ ሥራ ሲጨመርበት ነው። አንድ ጥቅል የቃጫ ገመድ አለ እንበል። በስድስት በስድስት ሜትር ብትቆርጡት ያው ገመድ ነው፤ 56.07ን አይለቅም። ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ ቀለበት አበጅታችሁ ወይም የብረት መንጠቆ አስራችሁ የመኪና መጎተቻ ካደረጋችሁት ከገመድ የተሠራ ዕቃ ሆነ፤ 56.09 ይገባል። የልብስ ማስጫ፣ የገመድ መሰላል፣ የክሬን ማንጠልጠያም እንዲሁ ናቸው። ያንኑ ገመድ ለአህያ ልባብ አድርጋችሁ ከሠራችሁት ደግሞ ወደ 42.01 ይሻገራል። ምክንያቱም ያ አንቀጽ ኮርቻን፣ ልጓምን፣ መሳቢያንና የማንኛውንም እንስሳ ማሰሪያ ዕቃ ከምንም ነገር ቢሠራ ይይዛል። አንድ ገመድ ነው፤ እጅ በገባበት መጠን ሦስት ቦታ ሄደ። መጫኛ ተብሎ የሚሸጠው፣ ምንም ሳይሠራበት የተቆረጠ ርዝመት ብቻ ከሆነ፣ ገመድ ነው። ለጭነት የሚያገለግል መሆኑ አይለውጠውም። የነዶ ማሰሪያው ብቻ ነው በአገልግሎቱ የተለየው፤ እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ፈትል ሆኖ፣ እንዳይበሰብስና አይጥና ነፍሳት እንዳይበሉት ዘይት የተነከረ በመሆኑ ከአሠራሩ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ዝርዝር በብር ምን ያመጣል? አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሩ ለማስላት ያህል የተወሰደ እንጂ የገመድ ታሪፍ አይደለም። ዋጋው፣ መድኑና ማጓጓዣው ተደምሮ 100 ሺህ ብር የሆነ ዕቃ መጣ። ቀረጡ 10 በመቶ ከሆነ 10 ሺህ ብር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ የሚሰላው ከነቀረጡ በ110 ሺህ ላይ ስለሆነ 16,500 ብር። ሱር ታክሱ 10 በመቶ የሚሰላው በዚህ ሁሉ ድምር፣ በ126,500 ላይ ስለሆነ 12,650 ብር። ጠቅላላው 139,150 ብር ደረሰ። ዕቃው ባለ 30 በመቶ መስመር ላይ ቢመደብ በተመሳሳይ ስሌት 164,450 ብር ይሆናል። ቀረጡ ላይ የታየው ልዩነት 20 ሺህ ብር ነበር፤ ከጉምሩክ በር ሲወጣ ግን 25,300 ብር ሆኗል። በቅድሚያ የሚያዘው 3 በመቶ የገቢ ግብር ከዚህ ውጪ ነው። ለትልቅ አስመጪ ይህ የሒሳብ መዝገብ ጉዳይ ይሆናል። ለአንድ የሽንፋ ባለ ሱቅ ግን የአንድ ወቅት ትርፉ ነው፤ ከፍ ባለው መስመር ተመድቦበት ዝም ብሎ የከፈለ ሰው ጥሪቱን ነው የሰጠው። ዝቅ ባለው መስመር አስመዝግቦ ያለፈ ደግሞ በኋላ ኦዲት ሲመጣ ልዩነቱን ከነቅጣቱ ይጠየቃል።

ኮዱ ከቀረጥ ሌላም ያገለግላል። ኢትዮጵያና ሱዳን ኮሜሳ የተባለው የጋራ ገበያ አባላት ናቸው፤ ኢትዮጵያ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትንም በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች። በእነዚህ ስምምነቶች የሚገኘው የቀረጥ ቅናሽ የሚጠየቀው በኤች ኤስ ኮድ ነው፤ ዕቃው የየት ሀገር ምርት እንደሆነ የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀትም በኮዱ ነው የሚሞላው። የተሳሳተ ኮድ የያዘ የምስክር ወረቀት ይዞ ኬላ የደረሰ ነጋዴ፣ ዕቃው በእርግጥ የሀገር ውስጥ ምርት ቢሆንም ቅናሹን ሊያጣ ይችላል። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት የመተማን መስመር ክፉኛ ጎድቶታል፤ ብዙ ቤተሰብ ከኑሮው ተፈናቅሎ ወደ እኛ ተሻግሯል። ሰላም ወርዶ መንገዱ በሙሉ ሲከፈት ወረቀቱን አስተካክሎ የሚጠብቅ ነጋዴ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ምን እንጻፍ? «ገመድ፣ 40 ጥቅል» ብሎ መጻፍ ለክርክር በር መክፈት ነው። በምትኩ እንዲህ ይጻፍ፦ «ከሲሳል ጭረት የተገመደ ገመድ፣ ባለ ሦስት ዘለላ፣ ያልተጎነጎነ፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ በሜትር 68 ግራም ገደማ፣ ጫፉ ያልተሠራ፣ እያንዳንዱ ጥቅል 220 ሜትር፣ 40 ጥቅል።» ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የያዘ ኢንቮይስ ዲክላራሲዮን የሚሞላውን ትራንዚተርም፣ የሚፈትሸውን ባለሙያም ከግምት ያወጣል። ፋብሪካው እንዲህ እንዲጽፍላችሁ ስታዙ ጠይቁ፤ ዕቃው ተጭኖ ከወጣ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

ቁጥሩ አጠራጣሪ ከሆነም ዕቃው ሳይመጣ መጠየቅ ይቻላል። የጉምሩክ ሕጋችን በታሪፍ አመዳደብ ላይ ቅድመ ውሳኔ የሚጠየቅበትን መንገድ ያስቀምጣል። ማመልከቻው በጽሑፍ ይሆናል፤ የዕቃው ሙሉ መግለጫ፣ የአሠራሩ ዝርዝር፣ ካለም ናሙናው ይያያዛል። የሚሰጠው መልስ በጽሑፍ ስለሆነ ዕቃው ኬላ ሲደርስ ይዛችሁት ትቀርባላችሁ። ዕቃው ከደረሰ በኋላ በተሰጠ አመዳደብ ያልተስማማ ሰው ደግሞ አቤቱታውን መጀመሪያ ለራሱ ለጉምሩክ ኮሚሽን ያቀርባል፤ ካልረካ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል። አቤቱታው ላይ «በዛብኝ» ማለት አይበቃም። ጭረቱ ምን እንደሆነ፣ በሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ ጫፉ መሠራት አለመሠራቱን አስፍራችሁ፣ የምትሉት አንቀጽ ለምን እንደሚስማማው ጻፉ።

ቀጣዩ የዓለም አቀፉ መዝገብ እድሳት ሥራ ላይ የሚውለው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2028 ጀምሮ ነው። በአሮጌ ዲክላራሲዮን ላይ ያለውን ኮድ ገልብጣችሁ የምትሠሩ ካላችሁ ከዚያ በፊት ትራንዚተራችሁን አነጋግሩ። ናሙና ስትቆርጡም አንድ ሜትር አትቁረጡ፤ አሥር አሥር ሜትር ሁለት ቁራጭ ያዙ፤ አንዱ ለጉምሩኩ ይሰጣል፣ ሌላው በእጃችሁ ይቀመጣል።